እምቢ ያለችው ማሽን

መቼም ብርድን የማናውቅ ሰዎች አይደለንም። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት። የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊቷ ያንቀጠቅጣል። ደብረ ብርሃን ያደገ ሰው ደግሞ የአዲስ አበባን ብርድ ሲሰማ ይስቃል። ብቻ የአገራችን ብርድ ቀጠሮ ያከብራል፤ ሌሊት መጥቶ ረፋዱ ላይ ፀሐይ ስትወጣ ይሄዳል። ለዚህ ይመስለኛል ቤቶቻችን ሲሠሩ ማሞቂያ የሚባል ነገር የማይታሰበው። ማሞቂያችን ጋቢ ነው፣ ትኩስ ሻይ ነው፣ ሲብስ ደግሞ ከሰል ነው።

ሜሪላንድ መኖር ስጀምር ግን ብርዱ ቀጠሮ የማያውቅ ሆኖ አገኘሁት። ኖቬምበር ላይ ከገባ እስከ ማርች አይወጣም። ፀሐይዋም ለይስሙላ ነው የምትወጣው፤ ታበራለች እንጂ አታሞቅም። እዚያ አገር ቤት ማለት ግድግዳና ጣሪያ ብቻ አይደለም። ከሥር፣ ቤዝመንት ውስጥ፣ ጋዝ እያነደደች ሞቃት አየር በየክፍሉ የምትልክ አንዲት ትልቅ ሣጥን አለች። ፈረንጆቹ ፈርነስ ይሏታል። የእኛ ሰው አሳጥሮ «ሂት» ነው የሚላት። ስልክ ተደውሎ «ሂታችን ጠፋ» ከተባለ የሰማ ሁሉ ከንፈሩን ይመጣል።

የዛሬው ወጌ ይቺ ሂት የምትባለው ማሽን እምቢ ስላለችበት ቀን ነው።

ጊዜው በፈረንጆቹ 2010 የፌብሩዋሪ መጀመሪያ፣ በእኛ የ2002 ዓ.ም. የጥር መጨረሻ ነበር። ባለቤቴ ሴት ልጅ ከተገላገለች አሥራ ሁለት ቀኗ ነው። እናቷ ሊያርሷት ከአዲስ አበባ መጥተዋል። ሻንጣቸው ሲከፈት በሶው፣ ሽሮው፣ በርበሬው፣ የአጥሚት እህሉ ወጣ ወጣና ከሥር በነጠላ የተጠቀለለች አንዲት የሸክላ ማንደጃ ብቅ አለች።

«እማዬ፣ ይቺን ደግሞ ምን ሊያደርጉባት ነው?» አልኳቸው።

«ልጄ፣ ቡና ያለ ፍምና ያለ ዕጣን ምን ቡና ይባላል?» አሉኝ።

እውነታቸውን ነው። ለሥጋ ጥብስ ተብሎ ከሚሸጠው ከሰል አንድ ከረጢት ገዝቼ ጋራዥ ውስጥ አስቀመጥኩላቸው።

ዓርብ ፌብሩዋሪ 5 ቀን በረዶው መጣል ጀመረ። ሌሊቱን ሙሉ ጣለ፣ ቅዳሜንም ዋለ። በዋሽንግተን አካባቢ ያለው የደለስ አውሮፕላን ማረፊያ ላይ የተለካው 32.4 ኢንች፣ ማለትም ከ80 ሳንቲ ሜትር በላይ ነበር። ሰዉ «ስኖማገዶን» ብሎ ስም አወጣለት። የፌዴራሉ መንግሥት ሳይቀር መሥሪያ ቤቶቹን ለቀናት ዘጋ። የእኛ ሰፈር መብራት አልጠፋም፤ «ተመስገን» ብለን ተኛን።

ቅዳሜ ጠዋት ስነቃ አፍንጫዬ በረዶ ሆኗል። ሙቀቱን የምናዝባት ግድግዳው ላይ ያለችው ቴርሞስታት 58 ትላለች፤ በእኛ መለኪያ 14 ዲግሪ ገደማ ነው። እኔ ማታ 70 ላይ ነበር የተውኳት። ጥገና ቤት ደወልኩ። «መንገድ ሲጠረግ እንመጣለን፣ ከሰኞ በፊት ግን አትጠብቁን» አሉኝ። ምን ልበላቸው? የራሴ መኪና እንኳን የት እንደቆመች አትታይም።

እንግዲህ ከሰው የሰማሁትን ሁሉ አስታወስኩና ምርመራ ጀመርኩ። አንድ ወዳጄ ሂቱ ጠፋበትና ባለሙያ ጠራ። ባለሙያው መጣ፣ የቴርሞስታቷን ሁለት ባትሪዎች ቀየረ፣ ከ100 ዶላር በላይ ተቀብሎ ሄደ። ስለዚህ ከዚያ ጀመርኩ። ባትሪዎቹን ቀየርኩ። ማዘዣው «ሂት» ላይ መሆኑን አየሁ። ማራገቢያው «ኦን» ላይ ከሆነ ማሽኗ እሳት ባታነድም እንኳን ቀዝቃዛ አየር ስትነፋ ትውላለች፤ «ኦቶ» ላይ መሆን አለበት። ሁሉም ትክክል ነው።

ወደ ቤዝመንት ወረድኩ። ብሬከሩን አየሁ፤ አልወደቀም። ከማሽኗ አጠገብ የመብራት ማብሪያ የምትመስል ማጥፊያ አለች። ዕቃ ሊያወጣ የወረደ ሰው መብራት መስላው ያጠፋትና ቤት ሙሉ ሲንቀጠቀጥ ያድራል። እሷም በርታለች። ቀጥሎ ፊልተሩን መዘዝኩት። ፊልተር ማለት ወደ ማሽኗ የሚገባውን አየር የሚያጣራ ስስ ወንፊት ነው፤ እንደ ዓይነቱ ከአንድ እስከ ሦስት ወር ባለው ጊዜ መቀየር አለበት። የእኔው አቧራ ጠግቦ እንደ አሮጌ ምንጣፍ ሆኗል። ፊልተር ሲደፈን ማሽኗ የምታሞቀው አየር ያጥራታል፤ ሙቀቱ እዚያው ይታመቅና ራሷን እንዳታቃጥል ቀጥ ትላለች። «አገኘሁት!» አልኩ። የቀስቱን አቅጣጫ አይቼ አዲስ አስገባሁ፣ የፊቷን ክዳን በደንብ ገጠምኩ፤ ክዳኑ ካልገጠመም አትነሳምና። ጠበቅኩ። እርር ብላ ልትነሳ አለችና ጸጥ። ደግማ ሞከረች። ጸጥ።

በክዳኑ ላይ ባለችው ትንሽ መስኮት አንዲት ቀይ መብራት ብልጭ ድርግም ትላለች። ብልጭታው ተቆጥሮ ከክዳኑ ጀርባ ከተለጠፈው ሠንጠረዥ ጋር ይመሳከራል። ቆጠርኩ። ሠንጠረዡ ስለ አየር ግፊት መቆጣጠሪያ የሆነ ነገር ይላል። አልገባኝም። «ይሄ የባለሙያ ነው» ብዬ ተውኩት።

ላይ ቤት አንዲት ትንሽ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ነበረችን፤ 1,500 ዋት የምትበላ። ሳሎን ብሰካት ማይክሮዌቩ ሲነሳ ብሬከሩን አወረደችው። በማከፋፈያ ገመድ እንዳልሰካት ገመዱ ግሎ እሳት ሊያስነሳ እንደሚችል አውቃለሁ። ስለዚህ መኝታ ቤቱ በር ላይ፣ ኮሪደሩ ውስጥ ያለውን ሶኬት ተመለከትኩ። እዚያ ላይ አንዲት ነጭ መሣሪያ ተሰክታለች። ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለው ጋዝ ቤት ውስጥ ሲኖር የምትጮህ ናት። ነቀልኳት። «ለትንሽ ሰዓት ነው» አልኩ። የጭስ ደወሉማ ባትሪው ከወጣ ቆይቷል፤ ቡና በተቆላ ቁጥር እየጮኸ ሲያስቸግረን መሳቢያ ውስጥ ከተትነው። የብዙ ሐበሻ ቤት ደወል ዕጣ ይኸው ነው።

ማሞቂያዋ ብቻዋን አልቻለችም። እማዬ የልጅ ልጃቸውን እጅ ዳበሱና «በረዶ ሆናለች!» አሉ። ጋራዥ ሄዱ፣ በሩን ከፍተው ከሰሉን አቀጣጠሉ፣ ጭሱ እስኪያልቅ ጠበቁ፣ ፍሙ ቀይ ሲሆን ማንደጃዋን መኝታ ቤት አስገቡ። «ጭሱ ስላለቀ ምንም አያደርግም፤ ጨውም ጣል አድርጌበታለሁ» አሉ። አራስና ንፋስ አይስማሙምና መስኮቱ ጥርቅም ብሎ ተዘግቷል። ከበሩ ሥር ያለችውን ክፍተት ደግሞ በፎጣ ደፈኗት።

እኔስ ምን አደረግኩ? እጄን ዘርግቼ ሞቅኩ። «እግዜር ይስጥልኝ እማዬ፣ ቤት መሰለ» አልኩ። ይህን ስጽፍ ዛሬም አፍራለሁ።

ከዚያ በረዶ ልጠርግ ወጣሁ። ከሰዓት በላይ ቆይቼ ስመለስ ባለቤቴ «ራሴን ይፈልጠኛል፣ ያቅለሸልሸኛል» አለችኝ። እናቷ «ደም ስለፈሰሰሽ ነው፣ አጥሚቱን ጠጪ» ይሏታል። እሳቸውም ግንባራቸውን በሻሽ አስረዋል። «እኔንም ፈለጠኝ፤ የቡና ሱሴ ነው፣ ዛሬ ሁለተኛውን አልጠጣሁም» አሉ። ሕፃኗ ተኝታለች። የመጥቢያ ሰዓቷ ካለፈ ቆይቷል፤ አልነቃችም። «ሙቀት አገኘችና ድብን አለች» ተባባልን። ደስ አለን።

በዚህ መሐል በሩ ተንኳኳ። ጎረቤታችን ናቸው፤ ጋሼ ነው የምላቸው። አገር ቤት መካኒክ ነበሩ፣ እዚያ ታክሲ ይነዳሉ። አካፋቸውን ይዘው፣ እስከ ጉልበታቸው በረዶ ሆነው ቆመዋል።

«ሂታችሁ ይሠራል?» አሉኝ።

«ጠፍቷል ጋሼ። እርስዎ እንዴት አወቁ?»

«የእኔም ጠፍቶ ነበር። ቧንቧዋ ተቀብራ። የእናንተንም አይቼ መጣሁ፤ ጭራሽ አትታይም።»

ነገሩ እንዲህ ነው። የእነዚያ ቤቶች ማሽን የተቃጠለውን ጋዝ የምታስወጣው በጣሪያ አይደለም፤ ከግድግዳው ጎን፣ ከመሬት ብዙም ከፍ ሳትል በምትወጣ ነጭ የፕላስቲክ ቧንቧ ነው። በረዶው ሲቆለል ቧንቧዋን ደፈናት። መውጫ ሲያጣ ያ ጋዝ ቤት ውስጥ ሊቀር ይችላል። ያ ያልገባኝ የአየር ግፊት መቆጣጠሪያ መውጫው መደፈኑን ያውቅና እሳቱ እንዳይነሳ ይከለክላል። ማሽኗ አልተበላሸችም። እምቢ ያለችው እንዳትገድለን ነው።

ጋሼ ይህን እያስረዱኝ ወደ ውስጥ ገባ አሉ። መኝታ ቤቱ በር ላይ ደርሰው ማንደጃዋን አዩ። ወሬያቸውን አቋረጡ። ፎጣውን በእግራቸው ገፍተው ገቡና መስኮቱን በረገዱት።

«ኧረ ጋሼ አራስ ናት! ንፋስ!» ብለው ጮኹ እማዬ።

«እትዬ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ በኋላ ይቆጡኛል። አሁን ሕፃኗን ይዘው ይውጡ። ሁላችሁም ውጡ!»

በበረዶው መሐል እያወላከፍን ጋሼ ቤት ገባን። ሕፃኗን ቀዝቃዛው አየር ሲመታት ፊቷን ጨመደደችና አለቀሰች። እንደዚያ ለቅሶ የጣፈጠኝ ዘፈን የለም። 911 ተደወለ። የእሳት አደጋ ሰዎች በዚያ መንገድ እንዴት እንደደረሱ እግዜር ይወቅ። አንደኛው መለኪያውን ይዞ ቤታችን ገብቶ ወጣ። መስኮቱ ተከፍቶ ቆይቶ እንኳን ቁጥሩን ሲያይ ፊቱ ተለወጠ። እናትና ልጅን፣ እማዬንም ሆስፒታል ወስደው ኦክስጅን ሰጧቸው። በማግስቱ ሦስቱም ደህና ሆነው ተመለሱ።

ማሽኗም ያን ዕለት ማታ ተነሳች። ጋሼና እኔ ቧንቧዋን በእጃችን ቆፍረን አወጣናት፣ ኃይሏን አጥፍተን ጥቂት ቆይተን መልሰን አበራናት። እርር አለች፤ ነደደች። አሥር ደቂቃ የማይፈጅ ሥራ ነበር።

ኋላ ነገሩን ተማርኩት። ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀለም የለው፣ ሽታ የለው። እንደ ጭስ ዓይን አይቆጠቁጥም፣ አያስልም። ከደማችን ጋር የሚጣበቅበት ጉልበት ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ ይበልጣል። ስለዚህ ሰው እየተነፈሰ ይታፈናል። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ ማዞርና ድካም ያመጣል፤ ትኩሳት የሌለው ጉንፋን ይመስላል። የተኛ ሰው ደግሞ ይህንንም ሳያውቀው እንደተኛ ይቀራል። ከሁሉ የደነቀኝ የፍሙ ነገር ነው። ጭሱ ያለቀ ከሰል ደህና ይመስለን የለ? ያ ቀዩ፣ ጥርት ያለው፣ «ደርሷል» የምንለው ፍም ነው ጋዙን በብዛት የሚያወጣው። ጭሱ ቢኖር ኖሮ እንኳን አስሎን እንወጣ ነበር። ጨውም፣ ሎሚም፣ የሽንኩርት ልጣጭም አያቆመውም።

እማዬ ከሆስፒታል ሲመለሱ ሳምንት ሙሉ አልተናገሩም ማለት ይቻላል። «በገዛ እጄ…» ይሉና ያቋርጣሉ። አንድ ቀን አጠገባቸው ተቀመጥኩና «እማዬ፣ እርስዎ የሚያውቁትን ነው ያደረጉት። የምትጮኸዋን መሣሪያ የነቀልኳት እኔ ነኝ» አልኳቸው። እውነቱም ይኸው ነው። እሳቸው ያደጉበት ቤት በቆርቆሮው ክፍተት፣ በበሩ ሥር፣ በጭቃው ስንጥቅ ይተነፍሳል። ያም ሆኖ ጠዋት «ከሰል መታኝ» እያለ የሚነሳ፣ አንዳንዴም የማይነሳ ሰው ነበረ። የእኔ ቤት ደግሞ ሙቀት እንዳይወጣበት ተብሎ እንደ ጠርሙስ የታሸገ ነው።

አሁን አሁን አዲስ አበባም ቤቱ እየታሸገ ነው። ብሎኬት፣ አሉሚኒየም መስኮት፣ ኮንዶሚኒየም። ብርዱ ግን ያው ነው፣ ከሰሉም ያው ነው። በየዓመቱ ብርድ ሲጠና «እናትና ልጆች ከሰል አጭሰው ተኝተው…» የሚል መርዶ እንሰማለን። «እግዜር ነፍስ ይማር» እንላለን። ማታ ደግሞ ማንደጃችንን አስገብተን በር እንዘጋለን። ሞታቸው የዕድል ጉዳይ ይመስለናል እንጂ የፍም ጉዳይ መሆኑን አንነጋገርበትም። ሠራተኛ ክፍል ውስጥ ከብርድ ለመዳን ፍም አቅፋ የምታድረዋን ልጅ ማን ይንገራት? ብርድ ልብስ መጨመር ከሰል ከመግዛት አይከብድም ነበር።

እና ለሁላችንም የሚሆን ጥቂት ነገር ልበል። አገር ቤት ላላችሁ፦ ፍም ከሰው ጋር አይደር። ቡናው ሲያበቃ ማንደጃው ይውጣ፤ እየነደደ ሳለም መስኮት ይከፈት። ሰው ከሰል ባለበት ክፍል ራሴን አመመኝ ካለ ቡና አታፍሉለት፤ ወደ ውጭ አውጡት፣ ከዚያ ወደ ሐኪም።

ውጭ አገር ላላችሁ ደግሞ፦ ሂት ሲጠፋ ባትሪውን፣ ማጥፊያዋን፣ ብሬከሩን፣ ፊልተሩን በተራ እዩ፤ ብዙውን ጊዜ ነገሩ ከእነዚህ አያልፍም። አንዱ ክፍል ሞቆ ሌላው ከቀዘቀዘ ሶፋውን አንሱት። እኛ ሶፋ በግድግዳ ዙሪያ መደርደር ስለምንወድ የሙቀቱን መውጫ እንቀመጥበታለን። በረዶ ሲጥል ከመኪናችሁ በፊት ቧንቧዋን ጥረጉ። ማሽኗ ነድዳ ወዲያው ከጠፋች፣ ወይም ሁሉን አይታችሁ አሁንም እምቢ ካለች፣ አትታገሏት፤ የምታውቀው ነገር ስላለ ነውና ባለሙያ ጥሩ። ጋዝ ከሸተታችሁ መብራት እንኳን ሳትነኩ ወጥታችሁ ከውጭ ደውሉ። የጋዝ ምድጃ ከፍቶ ቤት ማሞቅ ያው የከሰል ዘመድ ነው። የምትጮኸዋንም መሣሪያ አትንቀሏት። ቡና ሲቆላ የጭስ ደወሉ ከጮኸ መስኮት ክፈቱ እንጂ ባትሪውን አታውጡ።

ያቺ ሕፃን ዛሬ ቁመቷ እናቷን አልፏል። ያቺ የሸክላ ማንደጃ ሳሎናችን መደርደሪያ ላይ ተቀምጣለች፤ አበባ ተክለንባታል። እማዬ አገራቸው ከገቡ ቆይተዋል። ግን በየዓመቱ ብርዱ ሲጀምር ይደውላሉ። ሰላምታውን ገና ሳይጨርሱ ነው የሚጠይቁኝ።

«ያቺን ቧንቧ አየሃት?»

«አይቻታለሁ እማዬ። እርስዎስ ከሰሉን አወጡት?»

«እኔማ ካወጣሁት ቆየሁ። አሁን የጎረቤቶቼን ላስወጣ እየዞርኩ ነው» ይሉኛል።

ቸር ያሰማን።